የመሸበት እንግዳና የፈንጣጣ መርፌ
(የውጭ አገር በጎ ፈቃደኞች የገጠር ኑሮ፣ ከ1963 እስከ 1968 ዓ.ም.)

መንገደኛ ሲመሽበት ከማያውቀው ደጃፍ ቆሞ «ቤቶች! የመሸበት እንግዳ ታሳድራላችሁ?» ብሎ ቢጣራ፣ ባለቤቱ ውሻውን ከልክሎ «ቤት የእግዚአብሔር ነው፤ ይግቡ» ብሎ መቀበሉ በገጠሩ ሕዝባችን ዘንድ ከጥንት የቆየ ሥርዓት ነው። እንግዳው እግሩን ይታጠባል፤ ከመደቡ ላይ ቁርበት ወይም አጎዛ ይነጠፍለታል፤ ቤት ያፈራው ይቀርብለታል፤ ከየት መጣህ፣ ወዴትስ ትሄዳለህ የሚለው ጥያቄ የሚከተለው ከዚያ በኋላ ነው። ይህ ሥርዓት ዕለት ተዕለት የሚታይ በመሆኑ ብዙ ጊዜ እንደ ታሪክ አይቆጠርም። ሆኖም በሃያኛው መቶ ዓመት ከተፈጸሙት ታላላቅ ሥራዎች አንዱ፣ ማለትም የፈንጣጣ በሽታ ከምድረ ገጽ መጥፋት፣ በኢትዮጵያ ምድር ሊከናወን የቻለው በአብዛኛው በዚሁ ሥርዓት ላይ ተደግፎ ነው።

ከ1963 እስከ 1968 ዓ.ም. በአገራችን ገጠር ተሠማርተው ከነበሩት የፈንጣጣ ማጥፊያ ዘመቻ ሠራተኞች መካከል ከአሜሪካ፣ ከጃፓንና ከኦስትሪያ የመጡ ወጣት በጎ ፈቃደኞች ይገኙ ነበር። ስለ ዘመቻው ሲነገር በአብዛኛው የሚነሣው የተከተበው ሕዝብ ብዛት፣ የመድኃኒቱ ጥራትና የድርጅቶቹ ስም ነው። ይህ ጽሑፍ የሚመለከተው ግን እነዚያ ወጣቶች የት እንዳደሩ፣ ምን እንደ በሉ፣ በምን ቋንቋ እንደ ተናገሩና መንገዱን ማን እንደ መራቸው ነው። ሥራው የተቃናውም ሆነ የተሰናከለው በእነዚህ ጥቃቅን በሚመስሉ ነገሮች ነበርና።

በሽታውና አገሩ

ፈንጣጣ በኢትዮጵያ የቆየ መቅሠፍት ነው። ስኮትላንዳዊው መንገደኛ ጄምስ ብሩስ በ1762 ዓ.ም. ጎንደር በደረሰ ጊዜ በሽታው ከከተማው ገብቶ ስለ ነበር፣ ወደ ቁስቋም ወደ እቴጌ ምንትዋብ ግቢ ተጠርቶ የታመሙ የመኳንንት ልጆችን አስታሟል። ሕዝቡም በበኩሉ እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም። ከታማሚ ቁስል መግል ወስዶ የጤነኛውን ሰው ክንድ በመሰንጠቅ መክተብ በብዙ አውራጃዎች የታወቀ ጥበብ ነበር። ይህ ጥበብ ብዙ ሰው ከከባድ ሕመም የታደገ ቢሆንም፣ ለጤነኛው የሚሰጠው ራሱ ፈንጣጣው ስለ ነበር፣ በሽታው በተከታቢው አማካይነት ወደ ሌላ መንደር የሚተላለፍበት አጋጣሚ አልጠፋም።

የዓለም ጤና ድርጅት የተጠናከረውን ዓለም አቀፍ ዘመቻ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1967 ነው። በኢትዮጵያ ግን ሥራው የተጀመረው ዘግይቶ በ1963 ዓ.ም. አጋማሽ፣ ማለትም እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 1971 ነበር። በዚያ የመጀመሪያ ዓመት 26,329 ታማሚዎች ተመዘገቡ፤ ይህም በዚያው ዓመት በዓለም ሁሉ ከተመዘገበው ግማሽ ያህሉ ማለት ነው። ቁጥሩ እንዲህ መናሩ በሽታው በድንገት በመባባሱ ሳይሆን፣ ከዚያ በፊት መንደር ለመንደር ዞሮ የቆጠረው ስላልነበረ ነው።

ከሥራው ፊት የተደቀኑት ችግሮች ሁለት ነበሩ። አንደኛው የአገሩ አቀማመጥ ነው። ከ1.2 ሚሊዮን ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ በሆነ ስፋት ላይ ተበትኖ ይኖር የነበረው 25 ሚሊዮን ያህል ሕዝብ አብዛኛው ከመኪና መንገድ የራቀ ነበር። ሁለተኛው የበሽታው ጠባይ ነው። በዚያን ዘመን በኢትዮጵያ ይገኝ የነበረው የፈንጣጣ ዓይነት በእስያ ከነበረው ይልቅ ቀለል ያለ ሲሆን፣ ከ100 ታማሚዎች ይገድል የነበረው ሁለት ያህሉን ብቻ ነበር። በመሆኑም ወባና ተቅማጥ ልጆቹን እየነጠቁት ያለ ገበሬ ፈንጣጣን እንደ ዋና ጠላቱ አይቆጥረውም። ሩቅ አገር ተጉዞ ስለ ፈንጣጣ የሚጠይቅ ሰው ሲመጣ «ስለዚህ ብቻ ነውን የመጣኸው?» ቢባል የሚያስደንቅ አልነበረም።

ወጣቶቹ እነማን ነበሩ?

የአሜሪካ የሰላም ጓድ የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1961 በፕሬዚዳንት ጆን ኬኔዲ ዘመን ነው። ወደ ኢትዮጵያ የመጣው የመጀመሪያው ቡድን ከ270 በላይ አባላት የነበሩት ሲሆን፣ የገባውም በሃሪስ ዎፎርድ መሪነት በ1955 ዓ.ም. መባቻ ነው። አብዛኞቹ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች መምህራን ሆነው ሠርተዋል። ይሁን እንጂ ድርጅቱ የአንድ ኃያል መንግሥት የውጭ ፖሊሲ አካል መሆኑ የተሰወረ አልነበረም። በ1960ዎቹ መጀመሪያ ዓመታት የተማሪዎች ንቅናቄ እየበረታ ሲሄድ የሰላም ጓድ መምህራን ይውጡ የሚለው ጥያቄ በትምህርት ቤቶችና በዩኒቨርሲቲው ቅጥር ግቢ በይፋ ተሰማ። ጥያቄው ያለ ምክንያት የተነሣ አልነበረም፤ ልጆቹን ምን እናስተምር፣ ማንስ ያስተምራቸው የሚለው የአንድ አገር ዋና ጉዳይ ነውና።

የፈንጣጣ ዘመቻው በጎ ፈቃደኞች ወደ ገጠር የወረዱት እንግዲህ ይህ ጥርጣሬ በከተማው በበረታበት ወቅት ነው። አብዛኞቹ ዩኒቨርሲቲ ጨርሰው ብዙ ያልቆዩ፣ የሐኪምነት ሙያ የሌላቸው፣ ጥቂት ወራት አማርኛና የክትባት ሥራ ተምረው ለሁለት ዓመት አገልግሎት የተሠማሩ ወጣቶች ነበሩ። ሥራውን የሚመሩት የኢትዮጵያ ጤና ጥበቃ ሚኒስቴርና የዓለም ጤና ድርጅት ነበሩ። ከድርጅቱ በኩል ኦስትሪያዊው ዶክተር ኩርት ዋይታለር በኃላፊነት ሲሠሩ፣ ብራዚላዊው ዶክተር ሲሮ ደ ኳድሮስ የመስክ ሥራውን ይመሩ ነበር። ከሁሉም በላይ የሥራው አከርካሪ የነበሩት ኢትዮጵያውያን የጤና ሠራተኞች ናቸው፤ ከእነርሱም መካከል እ.ኤ.አ. በ1954 በተቋቋመው በጎንደር የጤና ኮሌጅ የሠለጠኑ ይገኙበት ነበር። የውጭ አገሩ ወጣት ከኢትዮጵያዊ ባልደረባው ጋር ይጓዛል፤ ስለ አገሩ ጠባይም ከመጽሐፍ ይልቅ ከባልደረባው ይማራል።

የዕለት ኑሮ

ጉዞው በመኪና ይጀመርና መንገዱ ሲያበቃ በእግርና በበቅሎ ይቀጥላል። ጭነቱ ብዙ አይደለም፤ የደረቀ መድኃኒት የያዙ ብልቃጦች፣ መርፌዎች፣ መዝገብ፣ ብርድ ልብስና ጥቂት ስንቅ ነው። ለሳምንታት ከመንደር ወደ መንደር ሲዞሩ የሚቆዩበት ጊዜ ብዙ ነበር። በበጋ ፀሐይና አቧራ፣ በክረምት ጭቃና የሞላ ወንዝ መንገደኛውን ይፈታተኑታል። ቁልቁለት ወርዶ ቆላ፣ ዳገት ወጥቶ ደጋ መድረስ በካርታ ላይ አንድ ጣት የማይሞላ ርቀት ቢመስልም፣ በእግር ሲሆን ሙሉ ቀን ይፈጃል። ከተማ ውስጥ በሰዓት መኖር የለመደው ወጣት በዚህ ኑሮ የመጀመሪያ ትምህርቱን ይቀስማል፤ ይኸውም ቀኑ የሚለካው በፀሐይ፣ ርቀቱም «እዚህ ቅርብ ነው» በሚለው የአገሬው አነጋገር መሆኑን ነው።

ወደ መንደር ሲገቡ መጀመሪያ የሚፈለገው ሹሙ ነው። የወረዳ ገዢው ማኅተም ያረፈበት ደብዳቤ ለባላባቱ ወይም ለጭቃ ሹሙ ይሰጣል። ማንበብ የሚችል ተማሪ ወይም ደብተራ ተጠርቶ ያነበዋል። ደብዳቤው በሩን ቢያስከፍትም፣ ልብን የሚያስከፍት ግን አልነበረም። ግብር የሚቆጥር፣ መሬት የሚለካ፣ ወታደር የሚመለምል ሰው ሁሉ እንዲሁ ደብዳቤ ይዞ ይመጣ ስለ ነበር፣ የገበሬው ጥርጣሬ የልምድ ልጅ ነበር። ጥርጣሬውን ያበረደው በአብዛኛው ከደብዳቤው በኋላ የሚመጣው ምሽት ነው።

ምሽቱን እንግዳው በጭስ በተሞላ ጎጆ ውስጥ ከመደብ ላይ ይቀመጣል። የቤቱ እመቤት እንጀራውን ከሽሮ ወይም ከጎመን ጋር ታቀርባለች፤ ጠላውም ይቀዳል። እንግዳው እጁን ታጥቦ ከአንድ ገበታ ከበላ፣ ጉርሻውን ካልናቀ፣ ረቡዕና ዓርብ ስለ ሥጋና ወተት ካላነሣ፣ ቡናውን እስከ በረካ ድረስ ታግሦ ከጠጣ፣ ስለ እርሱ የሚወራው ወሬ በነጋታው መልኩን ይለውጣል። ሌሊቱ ግን ምቹ አልነበረም። ቁንጫና ትኋን ከእንግዳም ከባለቤትም አይለዩም፤ ከጎጆው በአንዱ ወገን የታሰሩት ጥጆችና በጎች ይተነፍሳሉ፤ የሆድ ሕመሙም ተደጋጋሚ ነው። በጎ ፈቃደኞቹ ኋላ ባሰፈሩት ትዝታ ቁንጫው፣ በርበሬውና የመንገዱ ድካም ደጋግመው ይነሣሉ፤ ከእነዚህም ጋር ያለውን ሁሉ ያቀረበላቸው ድኻ ቤት አብሮ ይነሣል።

ጠዋት ሥራው ይጀመራል። ፈንጣጣ ከሰው ወደ ሰው እንጂ ከእንስሳ ወደ ሰው የማይተላለፍ በመሆኑ፣ ታማሚውን ፈልጎ በዙሪያው ያሉትን መከተብ የበሽታውን ሰንሰለት ይበጥሰዋል። ስለዚህ ዋናው ሥራ መክተብ ብቻ ሳይሆን መጠየቅ ነበር። በሽተኛ ሕፃን የሚያሳይ ሥዕል ያለበት ካርድ ይዘው በገበያ ቀን ከሕዝቡ መካከል ይቆማሉ፤ «እንዲህ ያለ በሽታ ያለበት መንደር ታውቃላችሁ?» ይላሉ። ገበያ ከብዙ ቀበሌ የመጣ ሰው የሚገናኝበት በመሆኑ የወሬ ምንጭ ነው። ከገበያውም ይልቅ ትምህርት ቤቱ ይጠቅም ነበር፤ የአሥር ዓመት ልጅ የጎረቤቱን ሕመም አይደብቅምና። ወሬው ከተሰማ ጉዞው ወደዚያ መንደር ይቃናል።

መርፌዋ አጭር፣ ጫፏ እንደ ሹካ ለሁለት የተከፈለች ናት። ብልቃጡ ውስጥ ያለው ደረቅ መድኃኒት በፈሳሽ ይሟሟል፤ የመርፌዋ ጫፍ በጥርሶቿ መካከል አንዲት ጠብታ ይዛ ትወጣለች፤ ክንዱም 15 ጊዜ ያህል ጠቅ ጠቅ ይደረጋል። አንዲት ብልቃጥ 100 ያህል ሰው ታስከትባለች። መድኃኒቱ የደረቀ በመሆኑ በቆላ ሙቀት ለሳምንታት ሳይበላሽ ይቆያል። አሠራሩ ቀላል ስለ ሆነ ማንበብና መጻፍ የማይችል የአገሬው ሰው እንኳ በአጭር ጊዜ ተምሮ ይከትብ ነበር። ይህ ነጥብ ሊታለፍ አይገባውም፤ ሳይንሱ ከባዕድ አገር ቢመጣም መሣሪያው በገበሬው እጅ ሊገባ የሚችል ነበርና።

ቋንቋውም ሌላ ፈተና ነው። በጥቂት ወራት የተማረ አማርኛ በጎጃምና በበጌምድር ሰላምታ ለመስጠት፣ ውሃና መንገድ ለመጠየቅ ይበቃል፤ የአንዲት እናት ፍርሃት ለማብረድ ግን አይበቃም። ወደ ባሌ፣ ወደ ከፋና ወደ ገሙ ጎፋ ሲወርዱ ደግሞ አማርኛውም ራሱ አስተርጓሚ ይሻል። እንዲህ ባለ ጊዜ የሚረዳው የቃላት ብዛት ሳይሆን የሰላምታ ሥርዓት ነው፤ ቆብ አውልቆ ጎንበስ ማለት፣ ስለ ቤተሰቡ፣ ስለ ከብቱና ስለ አዝመራው ሳይጠይቁ ወደ ጉዳይ አለመግባት፣ ሽማግሌ ሲገባ ከመቀመጫ መነሣት።

እምቢታውና ምክንያቱ

ክትባቱ በሁሉም ዘንድ በደስታ አልተቀበለም። በተለይ በጎጃም ደጋማ ቀበሌዎች የልማዱን ክትባት የሚያምኑ ብዙዎች ስለ ነበሩ፣ አዲሱን መርፌ የተቃወሙት ጥቂቶች አልነበሩም። ከአባት የወረሰ፣ ውጤቱም በዓይን የታየ ጥበብ እያለ የማይታወቅ ባዕድ ያመጣውን ለምን እንቀበል የሚለው ክርክር ካለማወቅ ብቻ የመጣ አይደለም። የልማዱ ከታቢም ቢሆን በሙያው የሚተዳደር፣ በቀበሌው የሚከበር ሰው ነበር። ከእርሱ ጋር ሳይነጋገሩ ክንድ ዘርጉ ማለት ያስቆጣ ነበር።

በዚህ ረገድ ሁለት ዓይነት አሠራር ታይቷል ማለት ይቻላል። ቸኩሎ በሹሙ ትእዛዝ ሕዝቡን ሰብስቦ ለመከተብ የሚሞክረው፣ ሕዝቡ ወደ ጫካና ወደ ገደል ሲበተንበት ባዶ መዝገብ ይዞ ይመለሳል። ታግሦ የሚያድረው፣ በመጀመሪያ ራሱን ወይም ባልደረባውን ከትቦ የሚያሳየው፣ ሽማግሌውን ወይም ቄሱን አስቀድሞ የሚያማክረው ግን በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን ደጃፉ ላይ ሰልፍ ያገኛል። ከበሽታው የተረፈ ሰው ዳግመኛ ስለማይያዝ፣ ፊቱ በጠባሳ የተሸፈነ የመንደሩ ሰው ከማንም ይልቅ የሚታመን ምስክር ነበር። እርሱ ስለ ሕመሙ ሲናገር የውጭ አገሩ ወጣት ዝም ማለት ይበቃዋል።

ከዚህ የምንረዳው ሕዝቡ እንግዳውን በተቀበለበት ሚዛን መድኃኒቱንም መመዘኑን ነው። ገበሬው ስለ ዋሽንግተን ፖሊሲ ባይመክርም፣ ፊቱ የቆመውን ሰው ጠባይ ግን ይመረምር ነበር። የከተማው ተማሪ ያነሣው የፖለቲካ ጥያቄና የገጠሩ ሰው ያደረገው የጠባይ ምርመራ የተለያዩ ይሁኑ እንጂ፣ ሁለቱም የባለቤትነት ጥያቄዎች ነበሩ፤ በቤቴ ማን፣ በምን ሥርዓት ይገባል የሚሉ።

ያልተጻፈው ድርሻ

እንግዳ ማሳደር ያለ ወጪ አይሆንም። ለአንድ ምሽት የቀረበው እንጀራ ከቤተሰቡ ጎተራ የወጣ ነው፤ እግር የታጠበበት ውሃ በእንስራ ከሩቅ ምንጭ የተቀዳ ነው፤ ይህንንም የቀዳችው ሴት ናት። መንገድ የሚመራው ጎልማሳ ከእርሻው አንድ ቀን ያጣል። ወንዙ የቱ ጋ እንደሚሻገሩት፣ በየትኛው ሸለቆ ሽፍታ እንዳለ የሚያውቀው እርሱ ነው። የተማሪው ጥቆማ፣ የባላባቱ ቃል፣ የሽማግሌው ምርቃት፣ የእመቤቲቱ ድስት ካልነበሩ መርፌዋ ከብልቃጡ ባልወጣች ነበር። እነዚህ ሁሉ ግን በዘመቻው መዝገብ ላይ የሚሰፍሩበት ዓምድ አልነበራቸውም። መዝገቡ የተከተበውን ሰው ቁጥር፣ የታማሚውን ዕድሜና የመንደሩን ስም ይይዛል፤ ያሳደረውን ሰው ስም አይይዝም።

ውጤቱ ግን ታየ። የታማሚዎች ቁጥር እ.ኤ.አ. በ1972 ወደ 16,999፣ በ1973 ወደ 5,414 ወረደ። በ1966 ዓ.ም. አብዮቱ ፈንድቶ የአገሪቱ ሁኔታ ሲለወጥ፣ የጸጥታው ችግር እየበረታ ሲሄድ የውጭ አገር በጎ ፈቃደኞች ቁጥር እየመነመነ ሄደ፤ ሥራውም ይበልጡን በኢትዮጵያውያን ትከሻ ላይ ወደቀ። በ1967 ዓ.ም. ደግሞ በዕድገት በኅብረት የዕውቀትና የሥራ ዘመቻ 60,000 ያህል ተማሪዎችና መምህራን ወደ ገጠር ወረዱ። እነዚህ በፈቃዳቸው ብቻ የሄዱ አልነበሩም፤ የተላኩበትም ዓላማ ሌላ ነበር። ሆኖም ከአዲስ አበባ የመጣው ልጅ በጎጆ ውስጥ ባደረበት የመጀመሪያ ሌሊት ያገኘው ጭስ፣ ቁንጫና የቋንቋ ችግር ፈረንጁ ካገኘው ብዙም የተለየ አልነበረም። በገዛ አገሩ እንግዳ መሆኑን ያወቀ ብዙ ነው።

በመጨረሻ በሽታው በኦጋዴን በረሃ ከዘላኖች ጋር እየተዘዋወረ ቀረ። በዚያም ፈላጊዎቹና መሪዎቹ በአብዛኛው የአካባቢው ሰዎች ነበሩ፤ የውኃ ጉድጓዶቹን፣ የግጦሽ መንገዶቹንና የጎሳውን ሥርዓት የሚያውቁት እነርሱ ናቸውና። በኢትዮጵያ የመጨረሻው ታማሚ የተገኘው በነሐሴ 3 ቀን 1968 ዓ.ም. ዲሞ በምትባል የኦጋዴን መንደር ነው። በዓለም የመጨረሻው በተፈጥሮ የተያዘ ታማሚ በጥቅምት 16 ቀን 1970 ዓ.ም. በሶማሊያ መርካ ከተማ ተገኘ። የዓለም ጤና ጉባኤም በሚያዝያ 30 ቀን 1972 ዓ.ም. ፈንጣጣ ከዓለም መጥፋቱን አወጀ። የአሜሪካ የሰላም ጓድ ከዚያ ቀደም ብሎ እ.ኤ.አ. በ1977 ከኢትዮጵያ ወጥቶ ነበር፤ የተመለሰውም ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው።

የሚቀረን ሥራ

የውጭ አገሮቹ በጎ ፈቃደኞች ወደ አገራቸው ሲመለሱ ደብዳቤያቸውን፣ ፎቶግራፋቸውንና የቀን መዝገባቸውን ይዘው ሄዱ። በኋላም ትዝታቸውን ጻፉ። ይህ የሚያስመሰግን ነው፤ ያለ እነርሱ ጽሑፍ ያንን ዘመን ብዙም ባላወቅነው ነበር። ነገር ግን ታሪኩ በእንግዳው ብዕር ብቻ ከቀረ ግማሽ ታሪክ ነው። እንግዳው ስለ ቤቱ ጽፏል፤ ቤቱ ስለ እንግዳው የተናገረው ግን አልተጻፈም። ያ ረጅም፣ ፊቱ ቀይ፣ አማርኛው ሰባራ ወጣት በባለቤቶቹ ዓይን ምን ይመስል ነበር? ምን ስም አወጡለት? ሲሄድ ምን ተባለ? መርፌውን እምቢ ያለውስ በኋላ ምን አሰበ?

በ1963 ዓ.ም. የሃያ ዓመት ወጣት የነበረ የመንገድ መሪ ዛሬ ከሰባ ዓመት በላይ ነው። የልማዱ ከታቢዎች በአብዛኛው አልፈዋል። ስለዚህ በየወረዳው ያሉ መምህራን ተማሪዎቻቸውን ወደ አያቶቻቸው ልከው እንዲጠይቁ፣ የባህል ሠራተኞች ቃሉን በድምፅና በጽሑፍ እንዲይዙ፣ ጸሐፊዎቻችንና ሠዓሊዎቻችንም ያንን ምሽት፣ ያንን መደብና ያንን ገበታ ለሥራቸው ርዕስ እንዲያደርጉ ያስፈልጋል። ለመጠየቅ መነሻው ሩቅ አይደለም። ከዚያ ዘመን ሰዎች በብዙዎቹ ክንድ ላይ የክትባቱ ጠባሳ ዛሬም ይታያል። ጠባሳውን አይቶ «አያቴ፣ ይህን ማን ከተበዎት? የት አደረ? ማንስ አበላው?» ብሎ የሚጠይቅ ልጅ የጎደለውን ግማሽ ታሪክ መጻፍ ጀመረ ማለት ነው።